ቀይ ክብ የተሳለበት ፎቶ፦ ስለ «ድብቅ ምልክቶች» የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እዚህ ጎንደር፣ ቡናው ከአቦል ወደ ቶና ሲያልፍ፣ ጎረቤታችን እትዬ ስልካቸውን አውጥተው አንድ የዜና ፎቶ አሳዩኝ። ቤት ሲቃጠል የተነሣ ነው። ጢሱ መሀል ላይ አንድ ሰው ቀይ ክብ ስሎበታል። «ፊቱን አየኸው? ቀንዱንስ?» አሉኝ። አየሁት፣ አልዋሽም። ማታ ያንኑ ፎቶ ክቡ ሳይሳልበት ፈልጌ አገኘሁና ለእህቴ ልጅ ሰጥቻት «ምን ይታይሻል?» አልኳት። «ቤት እየተቃጠለ» አለችኝ። ለእኔ ፊቱን ያመጣው ክቡ ነበር። እትዬ በእንዲህ ዓይነት መልእክት እንቅልፍ አጥተው ያደሩበት ሌሊት አለ፤ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

«ፊቱ ቁልጭ ብሎ ከታየ የሆነ ኃይል አስቀምጦት ነው»

አእምሯችን ፊት ፈላጊ ነው። ገና የተወለደ ሕፃን እንኳ ፊት የሚመስል ነገር ዓይኑን ይስበዋል፤ ሁለት ነጥብና ከሥሩ አንድ ሰረዝ ይበቃል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1976 ቫይኪንግ 1 የተባለችው መንኮራኩር ከማርስ የሰው ፊት የሚመስል ፎቶ ላከች፤ ብዙ ሰው ጉድ አለ። በ1998 እና በ2001 የተሻለ ካሜራ የያዘች ሌላ መንኮራኩር ቦታውን ስታነሣው ኮረብታ ሆኖ ተገኘ። ፊቱን የሠሩት ጥላና የፎቶው ጥራት ማነስ ነበሩ። የእኛ ፎቶዎች ደግሞ ከቴሌግራም ወደ ፌስቡክ፣ ከዚያ ወደ ቲክቶክ ሲዘዋወሩ በየጊዜው ይጨመቃሉ። ጄፔግ የሚባለው የፎቶ ማስቀመጫ ዘዴ ምስሉን 8 በ8 ነጥብ ወደሆኑ ትንንሽ ካሬዎች ከፋፍሎ ነው የሚያሳንሰው። ምስሉን በጣት ስታሰፉት እነዚያ ካሬዎች ዓይንም ጥርስም መምሰል ይጀምራሉ።

«እኛ የሰምና ወርቅ ሕዝብ ነን፤ ሁሉም ነገር ወርቅ አለው»

ይህኛው በጣም የሚያሳስበኝ ነው፤ ምክንያቱም የሚነግዱት በራሳችን ሀብት ነው። ቅኔ ሕግ አለው። ወርቁ የሚቀመጠው ሁለት ትርጉም በሚይዘው ኅብረ ቃል ላይ ነው፤ «አባይ» ሲል ወንዙንም ይይዛል፣ «አባይ ጠንቋይ» እንደምንለው ሐሰተኛውንም ይይዛል። መምህሩ ጣቱን ቃሉ ላይ አድርጎ «ይኸው እዚህ ጋ» ይልሃል፤ ቃሉ ካልያዘ ቅኔው ተበላሽቷል። የመጽሐፍ ትርጓሜም እንዲሁ ነው። በጎንደር የላይ ቤትና የታች ቤት የሚባሉት የመምህራን ወገኖች ትርጓሜ ይለያያል፤ «አንድም» ተብሎ ሦስትም አራትም ፍቺ ይደረደራል። ነገር ግን ያ ሁሉ ከመምህር የተቀበሉት እንጂ ማታ ተኝቶ ጠዋት የሚፈልቅ አይደለም።

ሥዕሉም ቋንቋ አለው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ልማድ ቅዱሱ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ይሳላል፤ ክፉው ብዙውን ጊዜ በጎኑ፣ አንድ ዓይኑ ብቻ እየታየ። ሠዓሊውም ተመልካቹም ያውቁታል። የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣራ የሞሉት የኪሩቤል ፊቶች ሰው አስቦ የሳላቸው ናቸው፤ የፋሲል ግንብ በሮች አናት ላይ ያለው የዳዊት ኮከብም ነገሥታቱ «የሰሎሞን ዘር ነን» ብለው በግልጽ ያስቀመጡት እንጂ የተደበቀ አይደለም። ጢሱን ግን የሳለው የለም። ሠዓሊ የሌለውን ሥዕል ማን ይፈታዋል?

«ጨረቃ ደም የለበሰችው ለእኛ ነው»

ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ፣ እንቁጣጣሽ አራት ቀን ሲቀረው፣ ጨረቃ ቀላች። ከምሽቱ 2:30 ገደማ እስከ 3:52 ገደማ ቀይ ሆና ቆየች። ያን ሌሊት «የመጪው ዓመት ደም ነው» ያለ ሰው ከአንድ በላይ ሰምቻለሁ። ምድር በፀሐይና በጨረቃ መካከል ስትገባ አየራችን ቀዩን ብርሃን አጥፎ ወደ ጨረቃ ያደርሰዋል፤ ጀምበር ስትጠልቅ የምናየው ቅላት ነው። ደግሞ በዚያው ዓመት መጋቢት 5 ጨረቃ እንዲሁ ቀልታ ነበር። እኛ ጋ ረፋድ ስለነበረ አላየናትም፤ አሜሪካ አዩዋት። ያኔስ ለምን «ደም ነው» አላልንም?

«ባርኮድ ውስጥ 666 አለ»

የለም። ዳርና ዳር፣ መሀልም ያሉት ሁለት ሁለት ቀጫጭን መስመሮች ለማንበቢያው መሣሪያ «እዚህ ይጀምራል፣ እዚህ ያልቃል» የሚሉ ጠቋሚዎች ናቸው እንጂ ቁጥር አይደሉም። በአንደኛው አጻጻፍ 6 ቁጥርም ሁለት ቀጭን መስመር ስላለው ይመስላሉ፤ ከዚያ አያልፍም።

«ትንቢቱ ይኸው ተፈጸመ»

የቋራው ካሣ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ሲነግሥ «ቴዎድሮስ» ተባለ። ፍካሬ ኢየሱስ በተባለው የትንቢት መጽሐፍ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ ይመጣል የሚል ተስፋ ሕዝቡ ዘንድ ስለነበር ስሙን አስቦ መረጠ። ክብሩን አልቀንስም፤ እንዲያውም የሰውየው ብልህነት ነው። ስሙ ግን ሰው ስለመረጠው እንጂ ከሰማይ ስለወረደ አልገጠመም። ዛሬ ደግሞ «ሲምፕሶንስ (የአሜሪካ የካርቱን ፊልም) ተንብዮታል» እየተባለ ከሚዞሩት ምስሎች ውስጥ ትራምፕ በተንቀሳቃሽ ደረጃ ሲወርድ የሚታይበት አለ። ትንቢት አይደለም፤ እውነተኛው ድርጊት በ2015 (እ.አ.አ.) ከተፈጸመ በኋላ የተሠራ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ቀኑን እዩ።

«ምልክት መፈለግ ማንንም አይጎዳም»

በ2012 ዓ.ም. ጥምቀት፣ እዚሁ ባሕረ ጥምቀቱ ላይ፣ ሰው የተቀመጠበት የእንጨት ማማ ተደርምሶ ወገኖቻችን ሞቱ፤ ብዙዎችም ቆሰሉ። በዚያ ሳምንት እኔ በተቀመጥኩበት ለቅሶ «የዓመቱ ገድ ክፉ ነው፣ አስቀድሞ ታይቷል» ሲባል ሰማሁ። ስለ ምሶሶው ውፍረት፣ ስለ ሚስማሩ፣ ማማው ስንት ሰው እንደሚችል የጠየቀ አልነበረም። ገድ ካልን ጥፋተኛ የለም፤ ጥፋተኛ ከሌለ ማማው በዚያው መልክ ይሠራል። ጥር በመጣ ቁጥር የፋሲል መዋኛ ጋ እሄድና ምሶሶዎቹን በእጄ ገፋ ገፋ አደርጋለሁ።