የጤና አገልግሎት ማሻሻያ በአሜሪካ፦ ፖለቲካውና ኢኮኖሚው

ዩናይትድ ስቴትስ ለጤና አገልግሎት ከየትኛውም አገር የበለጠ ገንዘብ ታወጣለች። በ2023 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ወጪው ወደ 4.9 ትሪሊዮን ዶላር ደርሶ ነበር፤ ይህም ከአገሪቱ ጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት 17.6 በመቶ፣ በነፍስ ወከፍ ሲሰላ ደግሞ ከ14,500 ዶላር በላይ ነው። ያም ሆኖ በዚያው ዓመት 26 ሚሊዮን ያህል ነዋሪዎች የጤና መድን አልነበራቸውም። የማሻሻያው ክርክር ከሁለቱም ችግሮች ይነሣል፤ ፖለቲከኞች አዘውትረው የሚደፍሩት ግን ሁለተኛውን ነው። መድን የሌለውን ባለ መድን ማድረግ ተጨማሪ በጀት ይጠይቃል፤ ዋጋ መቀነስ ግን የሆስፒታሉን፣ የሐኪሙን፣ የመድኃኒት አምራቹንና የመድን ድርጅቱን ገቢ መንካት ነው።

ሥርዓቱ አንድ ሰው አስቦ የነደፈው አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት መንግሥት በ1942 የደመወዝ ጭማሪን ሲገድብ፣ ሠራተኛ ያጠራቸው ቀጣሪዎች በጭማሪው ፈንታ የጤና መድን እየሰጡ ሰው መሳብ ያዙ። የ1954ቱ የግብር ሕግ ይህን ጥቅም ከገቢ ግብር ነጻ ማድረጉን ሲያጸና የጦርነት ጊዜው መላ ቋሚ ሆኖ ቀረ። ዛሬም ከ150 ሚሊዮን በላይ ሰዎች መድን የሚያገኙት በራሳቸው ወይም በቤተሰባቸው ቀጣሪ በኩል ነው። በ2024 በቀጣሪ በኩል የሚገኝ የአንድ ቤተሰብ መድን አማካይ ዓረቦን በዓመት 25,572 ዶላር ነበር፤ ከዚህ ውስጥ ሠራተኛው የሚከፍለው 6,296 ዶላር ነው። አብዛኞቹ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች የቀጣሪው ድርሻም ዞሮ ዞሮ ከሠራተኛው ደመወዝ እንደሚወጣ ይስማማሉ፤ ሆኖም ገንዘቡ እጁ ገብቶ ስለማያውቅ ሠራተኛው እንደ ጠፋበት አይቆጥረውም።

የዋጋው ውስብስብነት ቁልጭ ብሎ የሚታየው ከሕክምና በኋላ በፖስታ በሚመጣው ደብዳቤ ላይ ነው። ደም ተመርምሮ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው ሰንበት ብሎ ከመድን ድርጅቱ «ይህ የክፍያ መጠየቂያ አይደለም» የሚል ወረቀት ይደርሰዋል። በአንደኛው ዓምድ ሆስፒታሉ የጠየቀው ዋጋ፣ በሌላው ሆስፒታሉና ድርጅቱ አስቀድመው የተዋዋሉበት ያነሰ ዋጋ፣ በመጨረሻው ታካሚው የሚከፍለው ይሰፍራል። መድኑ መክፈል ከመጀመሩ በፊት በየዓመቱ ከኪስ መሞላት ያለበት መጠን፣ እዚያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሳይተረጉሙ «ዲዳክቲብል» የሚሉት፣ ገና ካልሞላ የውል ዋጋው በሙሉ በታካሚው ላይ ሊወድቅ ይችላል። ዋጋው በእያንዳንዱ ድርጅትና በእያንዳንዱ ሆስፒታል መካከል በተናጠል ስለሚቆረጥ፣ በአንድ ከተማ ውስጥ ለአንድ ዓይነት ምርመራ የሚከፈለው እጅግ ይለያያል። ይህን ሁሉ ለማስላትና ለመከራከር በሁለቱም ወገን የሚቀጠረው የቢሮ ሠራተኛ ደመወዝም ከዚያው ከጤና ወጪ ይቆጠራል።

ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን በ1945 ለሁሉም ዜጋ የሚሆን ብሔራዊ መድን ለምክር ቤቱ ሲያቀርቡ፣ የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ሐሳቡን «የሶሻሊስት ሕክምና» ብሎ በሰፊው ዘመተበት፤ ዕቅዱም ሳይጸድቅ ቀረ። ሊንደን ጆንሰን በሐምሌ 1965 ለአረጋውያን ሜዲኬር፣ ለድሆች ሜዲኬይድ የተባሉትን የመንግሥት የጤና መድኖች ያቋቋመውን ሕግ የፈረሙት ትሩማን በተገኙበት፣ በሚዙሪ በምትገኘው በኢንዲፔንደንስ ከተማ ነበር፤ የመጀመሪያው የሜዲኬር ካርድም ለአዛውንቱ ተሰጠ። የዚህ ድል ዋጋ ብዙ ጊዜ አይነሣም፤ ሐኪሞችንና ሆስፒታሎችን ላለማስከፋት ሲባል ሜዲኬር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የከፈለው እነሱ ባወጡት ወጪና በለመዱት ዋጋ መሠረት ነበር፤ ይህም ወጪውን አናረው። የቢል ክሊንተን ዕቅድ ደግሞ በ1994 ለድምፅ እንኳ ሳይበቃ ከሰመ።

ባራክ ኦባማ ከዚያ ውድቀት የተማሩት ባለ ጥቅሞቹን አስቀድሞ ማግባባትን ነው። በ2009 የመድኃኒት አምራቾች በ10 ዓመት 80 ቢሊዮን ዶላር ለመተው ቃል ሲገቡ፣ መንግሥት በመድኃኒት ዋጋ እንዳይደራደር ዋስትና አገኙ። ኦባማኬር የተባለው የጤና መድን ሕጋቸው በመጋቢት 2010 ሲፈረም አንድም ሪፐብሊካን አልደገፈውም፤ መነሻው ግን ሪፐብሊካኑ ሚት ሮምኒ በ2006 በማሳቹሴትስ ያጸደቁት አሠራር መሆኑ ክርክሩ የሐሳብ ብቻ እንዳልነበረ ያሳያል። ኦባማኬር የመድን ድርጅቶች ነባር ሕመም ያለበትን ሰው እንዳይመልሱ ከለከለ፤ ልጆች እስከ 26 ዓመታቸው በወላጅ መድን እንዲቆዩ ፈቀደ፤ ገቢያቸው ከድህነት መስመሩ 138 በመቶ የማይበልጥ ጎልማሶችን ወደ ሜዲኬይድ አስገባ፤ ገቢያቸው ከድህነት መስመሩ በላይ ሆኖ ሜዲኬይድ ለማያገኙት ደግሞ የዓረቦን ድጎማ መደበ።

በ2012 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕጉን ቢያጸናም የሜዲኬይዱን ማስፋፋት ለክፍላተ አገር ፈቃድ ተወው። ውጤቱን ለማየት ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸውን ሁለት ቦታዎች ማነጻጸር ይበቃል። ልጅ የሌለው፣ ዜግነት ያለው፣ በ2024 በዓመት 14 ሺህ ዶላር የሚያገኝ አሽከርካሪ በሜሪላንድ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ቢኖር ሜዲኬይድ ያገኛል። ዳላስ ቢሄድ ግን ቴክሳስ ማስፋፋቱን ስላልተቀበለች ሜዲኬይድ የለውም፤ ገቢው ከድህነት መስመሩ በታች ስለሆነም ድጎማ አያገኝም። ሃያ ሺህ ቢያገኝ ኖሮ ይደጎም ነበር። ሕግ አርቃቂዎቹ ከመስመሩ በታች ያለውን ሁሉ ሜዲኬይድ ይይዘዋል ብለው ስላሰቡ፣ ፍርድ ቤቱ የከፈተውን ክፍተት የሚደፍን አንቀጽ አላስቀመጡም።

ሪፐብሊካኖች ሕጉን ለመሻር ያደረጉት ዋነኛ ሙከራ በሐምሌ 2017 በራሳቸው ወገን በሴኔተር ጆን ማኬይን የተቃውሞ ድምፅ 49 ለ51 ወደቀ። በ2022 ዴሞክራቶች ሜዲኬር በአንዳንድ መድኃኒቶች ዋጋ እንዲደራደር ፈቀዱ፤ የመጀመሪያዎቹ 10 መድኃኒቶች አዲስ ዋጋ የሚሠራውም ከጥር 2026 ጀምሮ ነው። በሐምሌ 2025 የጸደቀው ሕግ በበኩሉ በማስፋፋቱ ወደ ሜዲኬይድ በገቡ ብዙ ጎልማሶች ላይ የሥራ ግዴታ ጣለ፤ የምክር ቤቱ የበጀት ጽሕፈት ቤትም ሕጉ መድን የሌላቸውን ሰዎች ቁጥር እስከ 2034 በ10 ሚሊዮን ያህል እንደሚጨምር ገመተ። በዚያው ዓመት መኸር በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ ከፍ የተደረገው የኦባማኬር ድጎማ ይራዘም አይራዘም በሚለው ሙግት የፌዴራል መንግሥቱ ለ43 ቀናት ተዘጋ፤ ቢሮዎቹ ሲከፈቱ ድጎማው አልተራዘመም፣ በታኅሣሥ መጨረሻም ጊዜው አበቃ።