ንፋስ ቢነሳስ? ስለ አፕ ዕቅድ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አምና ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና ወደ ጣና ገዳማት ጀልባ የሚያስይዝ አፕ ለመሥራት ተነሳሁ። ማታ ቁጭ ብዬ ለኤአይ ሁለት መስመር ጻፍኩ። 14 ስክሪን አወጣልኝ፣ ሁሉም የሚያምሩ። በማግስቱ ሐይቁ ዳር ወርጄ ለአንድ ዕድሜ ጠገብ ጀልባ ነጂ አሳየኋቸው። ስልኬን ተቀብለው አንድ በአንድ አዩት። ከዚያ «ልጄ፣ ንፋስ ቢነሳስ የትኛውን ነው የምነካው?» አሉኝ። ከ14ቱ ውስጥ ለዚህ መልስ ያለው አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ አፕ ከሚሠሩ ጓደኞቼ ጋር ስናወራ ተመሳሳይ አባባሎች ደጋግሜ እሰማለሁ። እኔም ብያቸው ስለማውቅ በደንብ አውቃቸዋለሁ።

«ኤአይ ፈጣን ስለሆነ ማቀድ ጊዜ ማባከን ነው»

ጎግል በግንቦት 2017 ዓ.ም. ያወጣውን ስቲችን የመሳሰሉ መሣሪያዎች ከጥቂት ዓረፍተ ነገር ስክሪን ይሠራሉ። እዚህ ላይ የፈጠነው ግን ሥዕሉ ነው። ማን፣ ለምን፣ በምን ቅደም ተከተል እንደሚጠቀም ካልነገርነው መሣሪያው ክፍተቱን ከለመደው ይሞላዋል። የእኔ አፕ ልክ እንደ አውሮፕላን ትኬት «የመመለሻ ቀን» ይጠይቅ ነበር። ዘጌ ደርሶ የሚመጣ ሰው እኮ በዚያው ቀን ነው የሚመለሰው! ሌላም ጣጣ አለው። ሥዕሉ ያለቀለት ሲመስል ሰው አስተያየት የሚሰጠው ስለ ቀለሙ ነው። በእስክሪብቶ የተሳለ ሳጥን ስታሳዩት ግን «ይሄ ለምን እዚህ ገባ?» ብሎ ይጠይቃል።

«የስክሪኖቹን ስም ከዘረዘርኩ ዩዘር ፍሎው አለኝ»

ዩዘር ፍሎው ማለት ተጠቃሚው ጉዳዩን እስኪጨርስ ከስክሪን ወደ ስክሪን የሚሄድበት መንገድ ነው። «መግቢያ፣ ዋና ገጽ፣ ክፍያ፣ ፕሮፋይል» ብሎ መጻፍ ሰው ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ አይናገርም። ፍሎው የሚጀምረው ከአንድ ሰውና ከአንድ ጉዳይ ነው። ከጎንደር የመጡ 5 የቤተሰብ አባላት ነገ ጠዋት ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳልመው መመለስ ይፈልጋሉ እንበል። መጀመሪያ ምን ያያሉ? የት ላይ ይወስናሉ? በዚያው ሰዓት የጀልባ ነጂው ስልክ ላይስ ምን ይታያል?

አንድ ምሳሌ ልጨምር። ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴቶች አይገቡም። ይህን የሚናገር ስክሪን በዝርዝሩ ውስጥ ቢኖርም፣ ከክፍያ በኋላ ከመጣ እናቱን ይዞ የመጣው ሰው ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ ነው የሚያውቀው። ከክፍያ በፊት ከመጣ ሌላ መዳረሻ ይመርጣል። ስክሪኑ ያው ነው፣ የተለየው ቦታው ነው። ልዩነቱ የሚታየው ከስክሪን ወደ ስክሪን ቀስት ስታሰምሩ ብቻ ነው።

«ሁሉ በሰላም ሲያልቅ ያለውን መንገድ ካቀድን ይበቃል»

በጣም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። ጣና ጠዋት ጸጥ ብሎ ከሰዓት በኋላ ሊናወጥ ይችላል። ጉዞውን የሚሰርዘው ማነው፣ ነጂው ወይስ ተጓዡ? ገንዘቡ ይመለሳል ወይስ ለሌላ ቀን ይተላለፋል? ዘጌ የደረሱትስ የመመለሻ ሰዓታቸው መቀየሩን የት ያዩታል? እያንዳንዱ ጥያቄ ወይ አዲስ ስክሪን ነው፣ ወይ ነባሩ ላይ የሚጨመር ነገር።

ክፍያውም እንዲሁ። በቴሌብር የሚከፍል ሰው ከእናንተ አፕ ወጥቶ ሊሄድ ይችላል። ከፍሎ ሳይመለስ ኔትወርክ ቢጠፋ ገንዘቡ ሄዷል፣ ቦታው ግን አልተያዘለትም። ተደናግጦ ድጋሚ ይከፍላል። ስለዚህ «ክፍያዎን እያረጋገጥን ነው፣ እባክዎ ድጋሚ አይክፈሉ» የሚል ስክሪን ያስፈልጋል። ኤአዩ ካልጠየቃችሁት ይህን አይሠራም ማለት ይቻላል። የባዶ ስክሪንም ጉዳይ አለ፤ በዚያ ቀን ምንም ጀልባ ከሌለ ተጠቃሚው ነጭ ገጽ ላይ ማፍጠጥ የለበትም።

«ቀንና ሰዓት የመሣሪያው ሥራ ነው»

ዝም ካላችሁት 12 ወር ያለው የቀን መምረጫ ያመጣላችኋል። ጳጉሜን 3 መሄድ የሚፈልግ ሰው ቀኑን አያገኘውም። የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ደግሞ ለውጭ አገር ጎብኚ 8 ሰዓት ነው። ሁለቱም ጎን ለጎን ይታዩ። ይህ ዕቅዱ ላይ ካልተጻፈ ጎብኚው «2 ሰዓት»ን በራሱ አቆጣጠር ከቀትር በኋላ ነው ብሎ ወደቡ ላይ የሚደርሰው ጀልባው ከሄደ ከስድስት ሰዓት በኋላ ነው።

«ዕቅድ ማለት ወፍራም ሰነድ ነው»

አንድ የደብተር ገጽ ይበቃል። ለእያንዳንዱ ስክሪን ማን እንደሚያየው፣ ምን እንደሚሠራበት፣ ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄድና ካልተሳካ ምን እንደሚሆን ጻፉ። ከፕሮምፕቱ (ለኤአዩ ከምትጽፉት ትእዛዝ) ጋር አብራችሁ ስጡት። ስክሪኖቹን ለየብቻ ካዘዛችሁ አንዱ ላይ «አስይዝ»፣ ሌላው ላይ «ቦታ ያዝ» የሚል ቁልፍ ታገኛላችሁ።

እኔም ገጼን ይዤ ወደ ሐይቁ ዳር ተመለስኩ። ከ14ቱ 6 አውጥቼ 9 ጨምሬ ነበር። ጀልባ ነጂው አባት እስክሪብቶዬን ወሰዱና «ንፋስ» ከሚለው ሳጥን አንድ ቀስት አወጡ። «እዚህ ጋ ስልክ ደውል የሚል አድርግበት። ገዳም የገባ ሰው መልእክት አያይም» አሉኝ።