«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም»፤ ታዲያ ለምን እንፈራዋለን?

ሥራ ፈላጊ ወጣት ባለበት ቤት ይህ አባባል ሳይነሳ አይከርምም። አጎት ሰው ያገናኛል። እናት የታክሲ ትሰጣለች። ልጁ ዘንጦ ሊወጣ ሲል አባት ከኋላው ይጣራሉ፦ «ልብ አድርግ! ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም!» አጎትህ እስከ ቢሮው በር ነው፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ያንተ ነው ማለታቸው ነው። ዲግሪውም፣ ዘመዱም፣ ገንዘቡም በዚህ አነጋገር ሁሉም ፈረስ ናቸው። ወስደው ያደርሱሃል። ጦሩን የምትወረውረው አንተ ነህ።

አባባሉ የጦር ሜዳ ልጅ ነው። በድሮው ዘመቻ ፈረስ ያለው ቀድሞ ይደርሳል፤ ነገር ከከፋም ቀድሞ ያመልጣል። ጦር መወርወርና በጋሻ መመከት ግን የሰውየው ፋንታ ነው። ጉግስ ያየ ሰው ይህ ቶሎ ይገባዋል። ፈረሱ ሽምጥ ይጋልባል፣ ይታጠፋል፣ ይመለሳል። ዘንጉን የሚሰነዝረውና የሚያመልጠው ላዩ ላይ ያለው ነው። እንዲህም ሆኖ ክብሩን ለብቻው አይወስድም። ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ባልቻ «አባ ነፍሶ» የተባሉት በፈረሶቻቸው ስም ነው። እንጅባራ ላይ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ፈረሶቻቸውን ሸልመው ሲወጡ የዓድዋውን ፈረስም እያሰቡ ነው።

እንዲህ ባለ አገር ፈረስን ጭራቅ ማድረግ ይከብዳል። የእኛ የማታ ተረት ማስፈራሪያው ጅብ ነው።

የፈረንጅ ሆረር፣ ማለትም አስፈሪ ታሪክና ፊልም፣ ግን ፈረስ ይወዳል። ጭጋግ፣ የኮቴ ድምፅ፣ ጥቁር ፈረስ፤ ያው ታውቁታላችሁ። እኔ እነዚህን ታሪኮች ሳነብና ሳይ ይህ የእኛ አባባል ከአእምሮዬ አይወጣም። ምክንያቱም ደራሲዎቹ ፈረሱን ለማስፈራራት የሚያደርጉት ነገር ሲፈተሽ አባባሉን ማጣመም ነው። አንዱ ኮርቻው ላይ መቀመጥ የሌለበትን ያስቀምጣል። ሌላው «ማድረስ» የሚለውን ወደ መጥፎ ቦታ ያዞረዋል። ፈረሱን ራሱን የሚያዋጋውም አለ፤ እሱ ግን ከሁሉም ጥቂቱ ነው።

የመጀመሪያው ዓይነት አባት ዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 6 ላይ ይገኛል። አራት ፈረሶች ይወጣሉ፦ አምባላይ፣ ዳማ፣ ጉራቻ፣ ሐመር። ስለ አራተኛው «በእርሱም ላይ የተቀመጠው ስሙ ሞት ነበረ» ይላል። ልብ በሉ፤ ፈረሱ አይነክስም፣ አይራገጥም፣ እሳት አይተፋም። ቀለሙ ተነገረን፤ በቃ። ስሙም ሥራውም የተቀማጩ ነው። ሐመሩ ፈረስ ሞትን አደረሰ እንጂ አልተዋጋም።

ከዚያ በኋላ የመጡት ብዙዎቹ የዚህ ልጆች ናቸው። አሜሪካዊው ዋሽንግተን ኧርቪንግ በ1820 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን የስሊፒ ሆሎው ታሪክ ውሰዱ። ራሱን በመድፍ ያጣ ወታደር ሌሊት ሌሊት በፈረስ ይዞራል፤ የተቆረጠ ራሱን ኮርቻው ላይ ይዞታል። የሚያሳድደው ኢካቦድ ክሬን የተባለ የገጠር አስተማሪ ነው። እኔን ግን ከጭንቅላት አልባው ይልቅ የሚስበኝ አስተማሪው ራሱ የተቀመጠበት ፈረስ ነው። የተዋሰው የእርሻ ፈረስ ነው፤ ያረጀ፣ አንድ ዓይኑ የታወረ፣ እንዲያም ሆኖ ክፋት ያልለቀቀው። በጭንቁ ሰዓት ጌታውን ወደማይፈልገው መንገድ ይዞት ይሄዳል። ኮርቻው ይፈታል። ጠዋት ሰዎች ሲፈልጉ አስተማሪው የለም፤ ፈረሱ ግን ያለ ኮርቻ በባለቤቱ በር ላይ ሣር ይግጣል። ስንት ጉድ አይቶ ምንም እንዳልሆነ ቁርሱን ይበላል! ያደረሰው አደረሰ፣ ሌላው የሱ ጉዳይ አይደለም።

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» እንደሚባለው፣ እኛም ጋላቢውን ፈርተን ፈረሱን ነው ጭራቅ የምናደርገው።

እዚህ ላይ ወደ ቤታችን ልመለስና ስለ አንድ ጥቁር ፈረስ ልንገራችሁ። የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ሆኖ ደራጎኑን ይወጋል፤ ይህን ሁሉም ያውቀዋል። በጥቁር ፈረስ የሚሳለው መርቆሬዎስ ነው፤ በዓሉ ኅዳር 25። ከፈረሱ ሆድ ሥር የወደቀው ዘውድ የጫነ ሰው ክርስትናን የካደው የሮም ንጉሥ ኡልያኖስ ነው። በእኛ አሳሳል ክፉ ሰው ከጎን ስለሚታይ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለው፤ ፈረሱ ግን በትልቅ ዓይኑ ወደ ተመልካቹ ያፈጣል። ሕፃን ሆኖ በሻማ ብርሃን ያንን ዓይን አይቶ የእናቱን ነጠላ ያልጨበጠ ማን አለ?

የሚተረከው ታሪክ ደግሞ ከሥዕሉ ይብሳል። ኡልያኖስ ፋርስን ሊወጋ ዘምቷል። ቅዱስ ባስልዮስ በመርቆሬዎስ ሥዕል ፊት ቆሞ ይጸልያል። በድንገት ሥዕሉ ከቦታው ይጠፋል። ተመልሶ ሲታይ የጦሩ ጫፍ ደም ነክቶታል። ኡልያኖስ በዚያ ዘመቻ ላይ በ363 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በጦር ተወግቶ መሞቱ የታሪክ ሐቅ ነው። ለአማኙ ይህ ተአምር ነው፤ እኔም በዚያው ክብሩ ነው የማነሳው። ነገር ግን እንደ ተራኪ ካየነው፣ ሥዕል ተነስቶ ወጥቶ ሥራውን ጨርሶ ሲመለስ ከማየት የበለጠ ፀጉር የሚያቆም ትዕይንት ከየት ይመጣል?

ኤድጋር አለን ፖ በ1832 ያሳተመው የመጀመሪያ አጭር ልብ ወለዱ ይህንኑ መንገድ በተቃራኒው ይሄድበታል። ሁለት የሃንጋሪ መሳፍንት ቤቶች ደመኞች ናቸው። የአንዱ ቤት ወጣት ባላባት ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን በጥልፍ የተሠራ ምንጣፍ ያያል። ምንጣፉ ላይ የጠላቱ ቅድመ አያት ፈረስ አለ። ዓይኑን መልሶ ሲያይ የፈረሱ ራስ ዞሯል፤ ዓይኖቹም የሰው ዓይን መስለዋል። በዚያው ሌሊት የጠላቱ ጋጣ ተቃጥሎ ሽማግሌው ባላባት ይሞታል። ባለቤቱ ያልታወቀ እሳት የመሰለ ፈረስ ደግሞ በግቢው ይገኛል፤ ከምንጣፉም ላይ አንድ ቁራጭ ጠፍቷል። ወጣቱ ከዚያ ፈረስ መለየት ያቅተዋል። ቀን ሌሊት ይጋልበዋል፤ ወይም ይጋለባል ልበል። መጨረሻ ላይ ቤተ መንግሥቱ ሲነድ ፈረሱ በሽምጥ ይመጣል፣ ባላባቱ ላዩ ላይ እየተወራጨ፣ ሁለቱም እሳቱ ውስጥ ይገባሉ። እንግዲህ ይህም ማድረስ ነው! መርቆሬዎስ ፈረሱን ይመራዋል፤ እዚህ ግን መሪው ማን እንደሆነ ጠፍቷል።

የስኮትላንዱ ኬልፒም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሐይቅ ዳር የቆመ ቆንጆ ፈረስ ነው። ልጅ ሲወጣበት ቆዳው እንደ ሙጫ ይይዘውና ይዞት ይሰጥማል። ዛሬ ፎልከርክ ከተማ አጠገብ 30 ሜትር ቁመት ያላቸው ሁለት የብረት ኬልፒዎች ቆመዋል፤ ሕዝቡ ሰልፊ ይነሳባቸዋል።

በእውነት የሚዋጋ ፈረስ ከፈለጋችሁ የግሪኮቹ የዲዮሜዴስ ባዝራዎች አሉ። የትሬስ ንጉሥ ዲዮሜዴስ የሰው ሥጋ እያበላ ያሳደጋቸው ናቸው። ሄራክሊስ ሊወስዳቸው ሲመጣ ያደረገው ነገር ብልሃት አለው፤ ጌታቸውን ራሱን ወርውሮላቸው በሉትና ረጋ አሉ። አያችሁ፣ እዚህም ቢሆን ጥፋቱ ሲፈተሽ ወደ አሳዳሪው ይመለሳል።

ፊልም ሠሪዎች ደግሞ ሌላ ነገር ያውቃሉ፤ የፈረሱን ፍርሃት። ፈረስ ታዳኝ እንስሳ ነው። ዓይኖቹ በጎንና በጎን ስለሆኑ ዙሪያውን 350 ዲግሪ ያህል ያያል። እኛ ያላየነውን ቀድሞ ያያል፣ ይሰማል፣ ይደነብራል። በ2002 የወጣው «ዘ ሪንግ» ላይ ያለችው ጋዜጠኛ በመርከብ ስትሻገር ተጎታች ውስጥ የተጫነ ፈረስ ታያለች። ጠጋ ብላ እጇን ትዘረጋለች። ፈረሱ ያብዳል። በሩን ሰብሮ ይወጣል፣ በመኪኖች መካከል ይጋልባል፣ ከመርከቡ ላይ ዘሎ ባሕር ይገባል። ከኋላ ውኃው በደም ይቀላል። ፈረሱ ማንንም አልነካም። እሷ ላይ ያለውን ነገር አይቶ ሸሸ እንጂ። በደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ ነው፤ ተመልካቹም በወንበሩ ላይ አብሮ ይደነብራል። ለእኔ ከጭንቅላት አልባው ጋላቢ ይልቅ ይህ ያስፈራኛል።

አሁን የቀረኝ አንድ ፈረስ ነው፤ ሰው የሆነው። ዛር የሰፈረበት ሰው «የዛሩ ፈረስ» ይባላል። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 ጎንደር ተቀምጦ ይህን በሰፊው መዝግቧል። ዛሩ ይወርድበታል፣ ይጋልበዋል፤ ፈረሱ ያጓራል፣ ይንቀጠቀጣል፣ በሌላ ድምፅ ይናገራል። ሥርዓቱን የምትመራው ባለ ዛር ስትጠይቅ የምትጠይቀው ጋላቢውን ነው፦ ማን ነህ? ምን ትፈልጋለህ? ሽቶ ይሁን፣ ቡና ይሁን፣ ቀለሙ የተለየ ዶሮ ይሁን፣ ድርድሩ ከዛሩ ጋር ነው። ሁሉም ሲያበቃ ፈረሱ ተዝለፍልፎ ይቀራል፤ ብዙ ጊዜም የሆነውን አያስታውስም።

ሆረር ልሥራ የሚል የአገራችን የፊልም ደራሲ ካለ የፈረንጅ ቤተ መንግሥትና ጭጋግ መበደር ምን ያደርግለታል? ይህን ይያዝ። ሲጽፈውም ካሜራውን ዛሩ ላይ አያድርገው፤ ከፈረሱ በኩል ይጻፈው።