በቀቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሐኪም ጋ ሲሄድ

በቀቀን ሲታመም አያስታውቅም። ዱር ውስጥ የደከመ መስሎ የታየ ወፍ የአዳኝ ሲሳይ ይሆናል። ስለዚህ እያመመውም ይበላል፣ ይጮኻል፣ ቆጡ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ቤት ውስጥ ተፈልፍሎ በሰው እጅ ያደገውም ይህን ጠባይ አይተውም። ላባውን ነፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ወለል ላይ ኩርምት ሲል አይተን የምንደነግጠው ብዙ ጊዜ በሽታው ሥር ከሰደደ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ምርመራ ወፉ ጤነኛ ሳለ የሚደረገውም ለዚህ ነው። ሐኪሙ የዚያን ቀን የሚመዘግበው ክብደት፣ አተነፋፈስና የላባ ሁኔታ ወደፊት ለሚመጣው ሁሉ ማነጻጸሪያ ይሆናል።

ወፉ ቤት በገባ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢታይ ጥሩ ነው። ቤት ውስጥ ሌሎች ወፎች ካሉ ደግሞ አዲሱ ለብቻው ክፍል ይቆያል። የተለመደው ቢያንስ 30 ቀን ነው። ሐኪሙም ወፍ የሚያውቅ ይሁን። የውሻና የድመት ሐኪም ሁሉ የወፍ ሐኪም አይደለም። ቀጠሮ ሲይዙ "ወፍ ያክማሉ? በግራም የሚመዝን ሚዛን አላችሁ?" ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ስለ ሚዛን ካነሳን፣ ዝግጅቱ ከዚህ ቢጀምር ደስ ይለኛል። በግራም የሚለካ ትንሽ የኩሽና ሚዛን ይበቃል። ላዩ ላይ አጭር ቆጥ ይቀመጥና ወፉ በየጠዋቱ ምግብ ከመቅመሱ በፊት ይመዘናል። ባጅሪጋር የምትባለው ትንሽ በቀቀን ከ30 እስከ 40 ግራም ገደማ ናት። ግራጫው የአፍሪካ በቀቀን 400 ግራምና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ለባጅሪጋር 4 ግራም መቀነስ ማለት ከሰውነቷ አንድ አሥረኛውን ወይም ከዚያ በላይ ማጣት ነው፤ ይህ ደግሞ በጣም ያሳስባል። ላባ ሥጋውን ስለሚሸፍነው በዓይን አይታይም። የሚናገረው ሚዛኑ ብቻ ነው። የጥቂት ቀናት ክብደት ተጽፎ ሐኪሙ እጅ ሲገባ ሥራውን በግማሽ ያቀልለታል።

መጓጓዣ ሣጥኑን ለጉዞው ቀን ብቻ ማውጣት ትልቁ ስህተት ነው። ወፉ ያላየው ዕቃ ያስፈራዋል። በግድ ከተከተተበት ደግሞ ሣጥኑንም ያስገባውንም እጅ አይረሳም። እንግዲያው ከቀጠሮው ሁለት ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ሣጥኑ በሩ ተከፍቶ ከኬጁ አጠገብ ይቀመጥ። መጀመሪያ የሚወደው ምግብ ደጃፉ ላይ ይደረግለት። ቀጥሎ ትንሽ ገባ ተደርጎ፣ ከዚያም መጨረሻው ላይ። ራሱ ሲገባ ማንም አይንካው። በሩ ለአንድ አፍታ ተዘግቶ ወዲያው ይከፈት፤ በማግስቱ ትንሽ ይርዘም። ከዚያ ሣጥኑ ይነሳል፣ ክፍል ውስጥ ይዞራል፣ መኪና ውስጥ ይገባል፣ ሰፈር ዞሮ ይመለሳል። ፈራ ከተባለ አንድ እርምጃ ወደኋላ መመለስ ነው። ጊዜ ይፈጃል፣ ግን የሚያስቆጭ ጊዜ አይደለም።

ሣጥኑ ጠንካራ ፕላስቲክ ወይም ሽቦ ቢሆን ይመረጣል፤ ካርቶኑን በምንቃሩ ቦጫጭቆ ሊወጣ ይችላል። ቆጡ ዝቅ ብሎ ይታሰር። ገና ሚዛኑን መጠበቅ የማይችል ጫጩት ከሆነ ቆጥ አያስፈልገውም፤ ወለሉ ላይ የማያንሸራትት ፎጣ ይነጠፍለት። የሚወዛወዝ መጫወቻ ይውጣ፣ መኪናው ሲነቃነቅ ይመታዋል። ውኃ ስለሚፈስ በምትኩ ቁራጭ ፍራፍሬ ይበቃል። መኪናው ቀድሞ ይሙቅ፤ ሽቶና ሲጋራ ግን አይታሰብም። ሣጥኑ በወንበር ቀበቶ ይታሰር። ትከሻ ላይ አስቀምጦ መሄድ የሚያምር ቢመስልም አንድ የጡሩምባ ድምፅ በርግጎ እንዲጠፋ ይበቃዋል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ፎጣውን ነው። ሐኪሙ ወፉን የሚይዘው በፎጣ ጠቅልሎ ነው። ፎጣ አይቶ የማያውቅ ለጋ በቀቀን ከላዩ ሲጣልበት አሞራ የወረደበት ያህል ይደነግጣል። በፍርሃት የተያዘ ወፍ ደግሞ ትንፋሹ ያጥረዋል። ቤት ውስጥ ማለማመድ ግን ቀላል ነው። ፎጣው ጠረጴዛ ላይ ይዘርጋ፣ የሚወደው ፍሬ ይበተንበት። ሲለምደው ጫፉ ጀርባውን ይንካ። ኋላ ሥሩ እየገባ ድብብቆሽ ይጫወትበታል። በመጨረሻም ለጥቂት ሰከንድ ይጠቀለላል፣ ይሸለማል፣ ይለቀቃል።

እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ወፍ እንደ እኛ ድያፍራም፣ ማለትም ከሳንባ ሥር ያለው የመተንፈሻ ጡንቻ፣ የለውም። የሚተነፍሰው የደረት አጥንቱን ወደ ውጭና ወደ ውስጥ በማንቀሳቀስ ነው። ደረቱን አጥብቆ የያዘ እጅ ሳያውቀው ሊያፍነው ይችላል። በተቃራኒው የአየር ቧንቧው ዙሪያቸውን በገጠሙ ጠንካራ ቀለበቶች የተሠራ ስለሆነ አንገቱ አካባቢ በቀስታ መያዝ ትንፋሹን አይዘጋም። ሐኪሙ ጭንቅላቱን ከመንጋጋው ሥር ይዞ ደረቱን ነፃ የሚተወው ለዚህ ነው። አይቶ የሚደነግጥ ባለቤት ስላለ ቀድሞ ማወቁ ጥሩ ነው።

ጣቶቹን፣ ክንፎቹን፣ ምንቃሩን መነካካትም ይለምድ። ሌላ ሰውም ይንካው። በመርፌ አልባ ሲሪንጅ ጥቂት የፍራፍሬ ጭማቂ መጠጣት የተማረ ወፍ ደግሞ አንድ ቀን መድኃኒት ሲታዘዝለት ያለ ትግል ይውጣል።

በእጅ ምግብ የሚበላ ጫጩት የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንገቱ ሥር ያለው የምግብ ከረጢት ሞልቶ እያለ ቢያዝ ምግቡ ተመልሶ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ስለዚህ የቀጠሮው ሰዓት ከመመገቢያው ሰዓት ጋር ይታይ፤ ቀጠሮ ሲያዝ ሐኪሙን መጠየቅ ነው። ሙቀትም አይቋረጥበት፤ ላባው ያልሞላ ጫጩት ቶሎ ይቀዘቅዛል።

ኩሱን ማየት የሚያስጠላው አለ፣ ግን ብዙ ይናገራል። ጤነኛ ኩስ ሦስት ነገር አለው፦ ጠንከር ያለ አረንጓዴ ወይም ቡናማ፣ ነጭ ዩሪክ አሲድ፣ እና ጥርት ያለ ውኃ። በጉዞ የተጨነቀ ወፍ ኩሱ ይቀጥናል። ስለዚህ ኬጁ ሥር ነጭ ወረቀት ተነጥፎ የጠዋቱ ኩስ ፎቶ ይነሳ፤ ትኩሱም በንጹሕ ዕቃ ይያዝ። የሚበላው ምግብ ዝርዝርም አብሮ ይሂድ። በሱፍ ፍሬ ብቻ የሚኖር በቀቀን ቫይታሚን ኤ ስለሚያጥረው ሐኪሙ ይህን መጠየቁ አይቀርም።

ምርመራው ሳይነኩ በማየት ይጀምራል፦ አቋቋሙ፣ አተነፋፈሱ፣ ጅራቱ በየትንፋሹ ከፍ ዝቅ ማለቱ። ከዚያ አፍንጫ፣ ዓይን፣ አፍ፣ የደረት ሥጋ ይታያሉ። ደም ሊወሰድም ይችላል። ለጤነኛ ወፍ ልኩ ከክብደቱ 1 በመቶ አይበልጥም፤ ለባጅሪጋር ጥቂት ጠብታ ማለት ነው። ከሚፈለጉት በሽታዎች አንዱ ሲታኮሲስ ነው። በደረቀ ኩስ ብናኝ ወደ ሰው ስለሚተላለፍ ምርመራው ለቤተሰቡም ነው። ሌላው የምንቃርና የላባ በሽታ የሚባለው በቫይረስ የሚመጣ ሕመም ሲሆን በተለይ ለጋዎቹን ያጠቃል። በብዙ ዝርያዎች ወንዱና ሴቷ በዓይን ስለማይለዩ ከዚያው ደም በዲኤንኤ ፆታውን ማወቅ ይቻላል።

የክንፉ ላባ ይቆረጥ ወይ ከተባለ፣ መብረር ሳይማር ባይነካ እላለሁ። መብረር ጡንቻውንም ድፍረቱንም ያሳድግለታል።

ቤት ሲመለስ ጸጥ ያለ ሞቃት ቦታ ይፈልጋል። ያን ቀን ትንሽ ቢያኮርፍ አይገርምም። አፉን ከፍቶ መተንፈስ፣ ደም መፍሰስ ወይም ጨርሶ አለመብላት ግን ለነገ የሚባል አይደለም፤ ወዲያው መደወል ነው። በማግስቱ ጠዋት እንደ ወትሮው ይመዘን። ሣጥኑም አይሰወር፤ በሩ ተከፍቶ፣ ውስጡ ፍሬ ተደርጎበት፣ ከኬጁ አጠገብ ወደ ቦታው ይመለስ።