«ራም ጨምርለት» አትበሉኝ

ኮምፒውተር ተንቀራፈፈ? «ራም ጨምርለት።» አልነሳም? «ራም ጨምርለት።» ድምፅ ጠፋ? አሁንም ራም፤ ኮምፒውተሩ የሚሠራበትን ለጊዜው የሚይዝበት ማህደረ ትውስታ ማለት ነው። ጥገና ቤት የሚውል ሰው ይህን ምክር በቀን ስንቴ እንደሚሰማ ያውቃል። ለዘንድሮ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ ያስኬዳል። ለሃያ ዓመት ቲን ክላየንት ግን ደህናውን ማሽን የሚያበላሸው ይኸው ምክር ነው።

ቲን ክላየንት ቢሮዎች ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ፣ መዝገበ ቃላት የምታክል ትንሽ ሳጥን ናት። ሥራዋ ስክሪኑንና ኪቦርዱን ሌላ ክፍል ካለ ሰርቨር ጋር ማገናኘት ነበር። ቢሮዎቹ ሲጥሏት ዶስን (በጽሑፍ ትእዛዝ የሚሠራውን የድሮ ሲስተም) እና ዊንዶውስ 98ን ጭነን እንደ ድሮ ኮምፒውተር የምንጠቀምባት ሰዎች አለን። እኔ በጣም የምወዳት ኤችፒ ቲ5720ን ነው። ፕሮሰሰሯ 1 ጊጋኸርትዝ የሆነው ኤኤምዲ ጂኦድ ኤንኤክስ 1500 ነው፤ ከአትሎን ኤክስፒ ቤተሰብ የተወለደ፣ ሙቀቱ ዝቅተኛ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ለግራፊክሷም ለድምፅዋም የዊንዶውስ 98 ድራይቨር፣ ማለትም ሲስተሙ ዕቃውን እንዲያዝ የሚያደርገው ፕሮግራም፣ አላት።

ቀላል ቀላሎቹን ቶሎ ልጨርሳቸው።

«ሰርቨር ከሌለ አትሠራም።» ትሠራለች። ውስጧ ፕሮሰሰር፣ ራም፣ ባዮስ (ስትበራ የሚያስነሳት ፕሮግራም) እና ማከማቻ አለ። ምንም የጎደላት ነገር የለም።

«ማራገቢያ ስለሌላት ትቃጠላለች።» ያለ ማራገቢያ እንድትሠራ ነው የተሠራችው። የአየር ቀዳዳዎቿን በወረቀት ክምር አትድፈኑባት፣ ይበቃል።

«ሁሉም አንድ ነው።» አይደለም። አንዳንዶቹ የስልክ ዓይነት፣ የኤአርኤም ፕሮሰሰር ነው ያላቸው። ዜሮ ክላየንት የሚባሉት ደግሞ ዊንዶውስ ጭራሽ የማይጫንባቸው ናቸው። ሞዴሉን ሳታዩ ገንዘብ አትክፈሉ።

«የአዳፕተሩ ጫፍ ከገባ ይሆናል።» ይህ ያናድደኛል። 5 ቮልት የሚፈልግ አለ፣ 12 የሚፈልግ አለ፣ 19 የሚፈልግ አለ፤ ጫፋቸው ግን ሊመሳሰል ይችላል። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ የላፕቶፕ አዳፕተር ሰክቶ አንዷን ዓይኔ እያየ አቃጥሏታል። ሳጥኑ ሥር የተጻፈውን ቮልትና የፖላሪቲውን (ፕላስና ማይነሱ የት እንደሆነ የሚያሳየውን) ሥዕል ሳታነቡ አትሰኩ።

አሁን ወደ ራሙ። ባለፈው አንድ ወጣት ዊንዶውስ 98 የተጫነባት ቲን ክላየንት ይዞ መጣ። ሲገዛት 256 ሜጋ ራም ነበራት፤ ጓደኞቹ መክረውት 1 ጊጋ አስገባላት። ከዚያ ወዲያ ማሽኗ «ማህደረ ትውስታ አይበቃም» የሚል መልእክት እያወጣች እምቢ አለች። እሱም መልእክቱን አምኖ 2 ጊጋ ፍለጋ ነው እኔ ዘንድ የመጣው። የድሮውን 256 ከኪሱ አስወጥቼ መለስኩላት። ወዲያው ተነሳች።

ለምን እንዲህ ሆነ? ዊንዶውስ 98 ከዲስክ ያነበበውን ፋይል ለጊዜው ራም ውስጥ ያቆየዋል። ይህን የሚሠራው ክፍል ቪካሽ ይባላል። ራም ሲበዛ ቪካሽም ድርሻውን እያሰፋ ይሄዳል። ችግሩ ሲስተሙ ለራሱ ሥራ የያዘው የአድራሻ ክልል (ማህደረ ትውስታን የሚጠራባቸው ቁጥሮች) 1 ጊጋ ብቻ መሆኑ ነው። ያንኑ ክልል የግራፊክስ ካርዱም የዶስ መስኮቶቹም ይጋሩታል። ቪካሽ ሰፊውን ቦታ ሲወስደው ለሌሎቹ አይተርፍም። ስለዚህ ራሙ ተትረፍርፎ እያለ «አይበቃም» ይላል። መልእክቱ የሚናገረው ስለ አድራሻው ነው፣ ሰው ግን ስለ ራሙ መስሎት ይጨምራል፤ ሲጨምር ይብስበታል።

ከ512 ሜጋ አትለፉ። እኔ 256 አስገብቼ ምንም ጎድሎኝ አያውቅም። አውጥታችሁ የምትተኩት ትንሽ ራም ከሌላችሁ ሲስተም ዶት አይኤንአይ የሚባለውን ፋይል ክፈቱ። 386 ኢኤንኤች በሚለው ክፍል ሥር ማክስፊዝፔጅ የሚለውን 20000 (MaxPhysPage=20000) ብላችሁ ጻፉ። ቁጥሩ በሄክሳዴሲማል (በ16 የሚቆጠር) ስለሆነ ዊንዶውሱ 512 ሜጋ ብቻ እንዲያይ ያደርገዋል። ዶስ ብቻ ለምትጭኑ ደግሞ ይህ ሁሉ ወሬ አያስፈልግም፤ 64 ሜጋም ይተርፋችኋል።

ገንዘባችሁን ማከማቻው ላይ አውሉት። ከፋብሪካ ይዛው የምትመጣው ፍላሽ ትንሽም ዘገምተኛም ነው። ብዙዎቹ አሮጌዎች ላይ ባለ 44 እግር አይዲኢ (የድሮ ዲስክ ማገናኛ) መሰኪያ ታገኛላችሁ። እዚያ ላይ በርካሽ አስማሚ የካሜራ ኮምፓክት ፍላሽ ካርድ መሰካት ይቻላል፤ ካርዱ የአይዲኢን ቋንቋ በተፈጥሮው ይናገራልና። 8 ጊጋ ለዊንዶውስ 98 ሰፊ ነው። ዶስ 6.22 ከሆነ ግን አንዱን ክፋይ ከ2 ጊጋ አታሳልፉ። ካሜራ ውስጥ የቆየ ካርድ ፎርማት ብታደርጉትም አልነሳ ሊል ይችላል፤ የማስነሻ ኮድ ስለሌለው ነው። የዶሱን ኤፍዲስክ ከስላሽ ኤምቢአር ጋር ማዘዝ ይፈታዋል። «ፍላሹ ቶሎ ያልቃል» የሚሉም አሉ። ዶስ በቀን የሚጽፈው እፍኝ ስለማይሞላ አትጨነቁ።

ድምፅ ሌላው ንትርክ ነው። «ዊንዶውስ ላይ ከዘፈነች ዶስ ላይም ትዘፍናለች» ይሉኛል። የዶስ ጌም የሚፈልገው ሳውንድ ብላስተር የሚባለውን የድሮ ድምፅ ካርድ ነው፤ ያውም በ220 አድራሻ፣ በአይአርኪው (ካርዱ ፕሮሰሰሩን በሚጠራበት መስመር) 5 ወይም 7። ቲን ክላየንት ላይ ያለው ኤሲ97 የሚባል ሌላ ቺፕ ነው፤ በዚያ አድራሻ ስትጠሩት አይመልስም። ቪአይኤ 686 ቺፕ ያለባቸው ማሽኖች ሳውንድ ብላስተር ፕሮን በራሳቸው ይመስላሉ። ለሌሎቹ ኤስቢኢኤምዩ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ብዙ ቺፖችን ሳውንድ ብላስተር አስመስሎ ያቀርባል። ድምፁ ኤችዲ ኦዲዮ (ከኤሲ97 በኋላ የመጣው ዓይነት) የሆነ ማሽን ግን ለዊንዶውስ 98 አትግዙ።

ፍጥነትም ቢሆን ሲበዛ ያስቸግራል። ቱርቦ ፓስካል በሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ የተሠራ የድሮ ፕሮግራም ገና ሲከፈት «ራንታይም ኤረር 200» ካላችሁ ማሽኑ አልተበላሸም። ፕሮግራሙ ሲነሳ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ይለካል፤ ውጤቱ ከጠበቀው በላይ ትልቅ ሆኖ ስሌቱን ያፈርስበታል። ለዚሁ የተዘጋጀ ማስተካከያ ፓች አለ።

መጨረሻ ላይ ደግሞ «የልጅ መጫወቻ ነው» የሚሉኝ አሉ። አንድ ጋሼ የዕድራቸውን መተዳደሪያ ደንብ በሲዲ ይዘው መጡ። በ1994 ዓ.ም. ፓወር ግዕዝ በሚባለው የድሮ አማርኛ መተየቢያ የተተየበ ነው። ሦስት ቦታ አሳይተው «ፋይሉ ተበላሽቷል» ተብለዋል። አልተበላሸም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ቁጥር ሥርዓት) ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው፤ ከዚያ በኋላም ብዙ ሰው በድሮው መንገድ መጻፉን አልተወም። የድሮዎቹ ፕሮግራሞች በላቲን ፊደሎች ቦታ ላይ የእኛን ፊደል ሥዕል ነበር የሚያስቀምጡት። ፎንቱ ከሌለ የሚታየው የላቲን ዝባዝንኬ ነው። ለማንበብ ብቻ ከሆነ ፎንቱን አዲስ ኮምፒውተር ላይ መጫን ብዙ ጊዜ ይበቃል። እሳቸው ግን የሟች አባላትን ስም ማውጣት ፈለጉ፤ ለማረም የድሮው ፕሮግራም ከነኪቦርዱ ያስፈልጋል።

ቲ5720ዋን አስነሳሁና ዊንዶውስ 98 ላይ ከፈትኩት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የመሥራቾቹ ስም ተደርድሯል። ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ስክሪኑን ተጠግተው አንድ ባንድ ጮክ ብለው አነበቡት። የሚሰርዙትን ሰረዝን፣ አተምን። ከዚያ ጽሑፉን በዩኒኮድ እንደ አዲስ ተይቤ በፍላሽ ሰጠኋቸው። እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ሲዲ ካለ፣ ሲዲው ራሱ ሳያረጅ ዛሬውኑ ገልብጡት።