ሲ13 የኃይል ገመድ ምንድን ነው?

ደብረ ብርሃን ውስጥ የኮምፒውተር ዕቃ ከሚሸጡ ሱቆች ወደ አንዱ ገብቶ «የዚህን ሰርቨር ኦሪጅናል ገመድ ፈልጉልኝ» የሚል ሰው አይጠፋም። ዕቃው ከአሜሪካ በዘመድ እጅ ወይም ከዱባይ በነጋዴ በኩል ደርሶታል፤ ስፒናው ግን ከግድግዳው ሶኬት ጋር አልገጥም ብሎታል። የሚፈልገው ገመድ በኩባንያ ስም ሳይሆን በደረጃ ቁጥር የሚታወቅ በመሆኑ፣ ቁጥሩን ቢያውቅ ኖሮ አዲስ አበባ ድረስ ሰው ሳይልክ እዚያው ሱቅ ውስጥ ሊያገኘው ይችል ነበር። አብዛኛውን ጊዜ የሚያስፈልገው ቁጥር ደግሞ ሲ13 ነው።

ሲ13 የሚለው መጠሪያ የሚያመለክተው ሙሉውን ገመድ ሳይሆን በኮምፒውተሩ ጀርባ የሚሰካውን ጫፉን ነው። መጠሪያው የሚገኘው ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን 60320 በሚል ቁጥር ባወጣው ደረጃ ውስጥ ሲሆን፣ በዚያ አሰያየም ሲ13 የገመዱ ሴቴ ጫፍ፣ ሲ14 ደግሞ በዕቃው ላይ የተገጠመው ወንዴ መግቢያ ነው። ጫፉ ሦስት ጠፍጣፋ ቀዳዳዎች ያሉት፣ ሁለት ማዕዘኖቹ የተቀነጠቡ አራት ማዕዘን ሲሆን፣ እስከ 10 አምፒርና እስከ 250 ቮልት እንዲሸከም ተደርጎ የተሠራ ነው። ዴስክቶፕ ኮምፒውተር፣ አብዛኛው ሞኒተርና ብዙው ሰርቨር ይህንኑ ይጠቀማሉ፤ ዕቃው በየትም አገር ይሠራ፣ ይህ ጫፍ አይለወጥም።

አገር የሚለየው ግድግዳው ላይ በሚሰካው ጫፍ ነው። የአሜሪካው ስፒና ሁለት ጠፍጣፋ ጥርሶችና አንድ ክብ የኧርዝ (አደገኛ ጅረትን ወደ መሬት የሚያወርደው መስመር) ጥርስ ያለው፣ ለ125 ቮልት የተመደበ ነው። ከዱባይ የሚመጣው የእንግሊዙ ዓይነት ሲሆን ሦስት ወፋፍራም አራት ማዕዘን ጥርሶች አሉት፤ በውስጡም ፊዩዝ ይዟል። የቻይናው ጠፍጣፋና ሰያፍ ነው። በእኛ አገር መብራቱ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ፣ የተለመደው ሶኬት ደግሞ ባለ ሁለት ክብ ቀዳዳ ስለሆነ፣ ለኮምፒውተር የሚስማማው ስፒና 4.8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ክብ ጥርሶችና በጎንና በጎኑ የኧርዝ ብረት ያለው፣ ጀርመኖች ሹኮ የሚሉት ዓይነት ነው። እንግዲህ ባለ ሱቁን መጠየቅ የሚገባው «አንዱ ጫፉ ሲ13፣ ሌላው ጫፉ ባለ ኧርዝ ሹኮ የሆነ ገመድ» ተብሎ ነው።

ገመዱ ከመገዛቱ በፊት ግን በፓወር ሰፕላዩ፣ ማለትም የግድግዳውን መብራት ተቀብሎ ለኮምፒውተሩ በሚመጥነው ክፍል ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ማንበብ ያስፈልጋል። ኢንፑት በሚለው መስመር ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከተጻፈበት ገመዱን ከመለወጥ በቀር ሌላ ሥራ የለም። ቆየት ያሉት ፓወር ሰፕላዮች 115 እና 230 የሚል ቀይ መቀያየሪያ ከጀርባቸው አላቸው፤ ከአሜሪካ የመጣው 115 ላይ ተቀምጦ ስለሚገኝ፣ ሳይለወጥ 220 ላይ ቢሰካ ወዲያው ይቃጠላል። ጽሑፉ 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ ደግሞ ገመድ መቀየር ምንም አይፈይድም፤ ቮልቴጁን የሚያወርድ ትራንስፎርመር የግድ ነው። በአሜሪካ ገበያ የተሸጡ ዩፒኤሶች (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን በባትሪ የሚያቆዩት) አብዛኞቹ ከዚህ ወገን ስለሆኑ፣ ቤተሰቡ ዩፒኤስ ከዚያ እንዲልክለት የሚጠይቅ ሰው ቆም ብሎ ቢያስብበት እመክራለሁ። ክብደቱ ለጭነት የማይመች፣ ሲደርስም እዚህ መብራት ላይ የማይሠራ ዕቃ ነው።

ለ230 ቮልት የተሠራ ዩፒኤስ ያለው ሰው ሌላም ነገር ያጋጥመዋል። የብዙዎቹ ዩፒኤሶች መውጫ የግድግዳ ሶኬት ሳይሆን ሲ13 ራሱ ስለሆነ፣ የሚያስፈልገው ገመድ አንዱ ጫፉ ሲ14፣ ሌላው ሲ13 የሆነው ነው። ይህ ገመድ ግድግዳ ስለማይነካ የየትም አገር ቢሆን ለውጥ የለውም።

ከሲ13 ጋር የሚመሳሰሉ ሌሎች ጫፎችም አሉ። የላፕቶፕ ቻርጀር ላይ የሚሰካው፣ ሦስት ክቦች የተጣበቁበት የሚመስለው ሲ5 ነው። የ8 ቁጥር ቅርፅ ያለውና ኧርዝ የሌለው ሲ7 ሲሆን፣ በአነስተኛ ፕሪንተሮችና በራዲዮኖች ላይ ይታያል። ከታች በኩል ትንሽ ጎድጎድ ያለበት ሲ15 የበለጠ ሙቀት ለሚቋቋሙ መግቢያዎች የተሠራ ስለሆነ፣ አንዳንድ የኔትወርክ ስዊቾች ሲ13ን የማይቀበሉት በዚህ ምክንያት ነው፤ ሲ15 ግን ሲ14 ላይ ይገባል። ሰፋ ያለውና ቀዳዳዎቹ አግድም የተቀመጡት ሲ19 የከባድ ሰርቨርና የትልልቅ ዩፒኤስ ሲሆን 16 አምፒር ይሸከማል።

ስለ ገመዱ ውፍረትም አንድ ነገር ማለት አስፈላጊ ነው። ሽፋኑ ላይ 3ጂ0.75 ወይም 3ጂ1.0 ተብሎ የሚታተመው፣ ሦስት ሽቦዎች፣ አንዱ ኧርዝ፣ የእያንዳንዱ ስፋት ደግሞ በካሬ ሚሊ ሜትር ይህን ያህል ማለት ነው። 750 ዋት የሚስብ ሰርቨር በ220 ቮልት 3.4 አምፒር ያህል ብቻ ስለሚወስድ ትክክለኛ 0.75 ገመድ በቂው ነው። ችግሩ ያለው ጽሑፉ እውነት ባልሆነበት ገመድ ላይ ነው፤ በመዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙ ከንጹሕ መዳብ በእጅጉ ያነሰ በመሆኑ ይግላል። እንዲህ ያለው ገመድ በእጅ ሲመዘን ይቀላል፤ ሽቦው በቢላ ሲፋቅም ውስጡ ነጭ ነው። ምንም ጽሑፍ የሌለበትን ገመድ ዋጋው ቢረክስም አልገዛም።

ከሁሉ በላይ ግን የሚያሳስበኝ ሦስተኛው ሽቦ፣ ኧርዙ ነው። በመንዝ በኩል ወደሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ከአሜሪካ የተላኩ ያገለገሉ ኮምፒውተሮችን እንዳይ ተጠርቼ ነበር። ስፒናው አልገጥም ስላለ ሁሉም ተቆርጦ በኧርዝ አልባ ባለ ሁለት ጥርስ ስፒና ተተክቷል። በአሜሪካ ገመድ ውስጥ ጥቁሩ ፌዝ (መብራቱን የሚያመጣው)፣ ነጩ ኒውትራል (የሚመልሰው)፣ አረንጓዴው ኧርዝ ነው፤ ቡናማ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ በቢጫ የለመደ ሠራተኛ አረንጓዴውን ቦታ ስላጣለት ቆርጦ ትቶታል። ኮምፒውተሮቹ ይሠራሉ። ልጆቹ ግን የብረቱን ሳጥን በነኩ ቁጥር ይነዝራቸው ነበር፤ አንዲት ተማሪ እጇን በነጠላዋ ጠቅልላ ስታበራ አይቻለሁ።

ምክንያቱ የኮምፒውተሩ መበላሸት አልነበረም። በፓወር ሰፕላዩ መግቢያ ላይ ከፌዝም ከኒውትራልም ወደ ሳጥኑ የተያያዙ ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ፤ ሥራቸው የኤሌክትሪክ ረብሻን ወደ ኧርዝ ማስወገድ ነው። ኧርዙ ሲቆረጥ ሳጥኑ በሁለቱ መካከል ተንሳፍፎ ወደ 110 ቮልት ይጠጋል። የሚያልፈው ጅረት ጥቂት በመሆኑ ጤነኛ ካፓሲተር ሰው አይገድልም፤ ነገር ግን በውስጡ ያለ ፌዝ ድንገት ሳጥኑን ቢነካ ጅረቱን ወስዶ ፊዩዙን ወይም ቆጣሪው አጠገብ ያለውን ብሬከር የሚያስጥለው መንገድ ተዘግቷል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ መንገዱ የሚነካው ልጅ አካል ይሆናል።

የአሜሪካውን ስፒና ወደ ሁለት ክብ ጥርስ የሚለውጡት ርካሽ አዳፕተሮችም አብዛኞቹ የሚያደርሱት ጉዳት ይኸው ነው፤ ፌዝና ኒውትራሉን ያሳልፋሉ፣ ኧርዙን እዚያው ያስቀሩታል። የሁሉንም አገር ስፒና የሚቀበል ቀዳዳ ያላቸው ዲቫይደሮች ደግሞ ጠፍጣፋውን ጥርስ በጠባብ ቦታ ብቻ ስለሚነኩት፣ እየላላ ብልጭ ይላል፣ ይሞቃል፣ ፕላስቲኩም ይጠቁራል። ለአንድ ቀን ሙከራ ካልሆነ በቀር በዚህ መንገድ ሰርቨር ማሠራት ተገቢ አይደለም።

በዚያ ትምህርት ቤት ገመዶቹ በሙሉ በባለ ኧርዝ ሹኮ ተለወጡ፤ ሆኖም ቴስተሩ (ኤሌክትሪክ ያለበትን ሲነካ የሚበራው መሞከሪያ) ሳጥኑ ላይ ሲያርፍ አሁንም በራ። የግድግዳው ሶኬቶች የኧርዝ ብረት ቢኖራቸውም ከኋላቸው ሽቦ አልተሳበላቸውም፤ ሕንጻው ሲሠራ ወደ መሬት የተቀበረ ዘንግም አልነበረም። የኤሌክትሪክ ባለሙያ መጥቶ ከክፍሉ ጀርባ፣ የጣሪያ ውኃ በሚወርድበት እርጥብ ቦታ ዘንጉን ቀበረና ከማከፋፈያው ሳጥን ጀምሮ ሦስተኛውን ሽቦ ወደየሶኬቱ ሳበ። ከዚያ በኋላ ቴስተሩን በእያንዳንዱ ሳጥን ላይ አሳረፍን፤ በአንዱም ላይ አልበራም።