ዲዝኒ ግብር አይከፍልም ያላችሁ ሁሉ እስቲ ተቀመጡ

ፍሎሪዳ፣ ኦርላንዶ ውስጥ ታክስ እሠራለሁ። ከጥር እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ከፊቴ ያለው ወንበር ባዶ ሆኖ አያውቅም። ኡበር የሚነዳው ይመጣል፣ ነርሷ ትመጣለች፣ ሆቴል የምታጸዳው ትመጣለች። አብዛኛው ሰው ወረቀቱን ከፌስታል አውጥቶ ሳይጨርስ አንድ ነገር ይለኛል፦ «እኛን እንዲህ እየገፈፉን ዲዝኒ ግን ሰባራ ሳንቲም አይከፍልም አይደል?»

ድሮ ቁጭ ብዬ አስረዳ ነበር። አሁን ደከመኝ። ከእንግዲህ ለሚጠይቀኝ ይህን ጽሑፍ እልክለታለሁ።

ነገሩን ላልተከታተለ በአጭሩ ልንገረው። ዋልት ዲዝኒ ወርልድ የሚባለው የኩባንያው መዝናኛ ፓርክ ያለው ኦርላንዶ ከተማ ውስጥ አይደለም። ከከተማው ደቡብ ምዕራብ፣ ኦሬንጅ እና ኦሲዮላ በሚባሉ ሁለት ካውንቲዎች (ከግዛቱ በታች ያሉ አስተዳደሮች) ላይ ተንጣሎ ነው ያለው። ወደ 25 ሺህ ኤከር ይጠጋል። ይህ መሬት ከ1967 ጀምሮ (ቀኑም፣ ወሩም፣ ዓመቱም ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) ሪዲ ክሪክ ኢምፕሩቭመንት ዲስትሪክት የሚባል የራሱ አስተዳደር ነበረው። መንገዱ፣ ፍሳሹ፣ እሳት አደጋው፣ የግንባታ ፈቃዱ በዚህ ዲስትሪክት ሥር ነበር። የቦርዱን አምስት አባላት የሚመርጠው ባለመሬቱ ነበር። ባለመሬቱ ደግሞ ከሞላ ጎደል ዲዝኒ ራሱ ነው።

በ2022 መጋቢት ፍሎሪዳ በትናንሽ ክፍሎች ስለ ጾታዊ ዝንባሌና ስለ ጾታ ማንነት ማስተማርን የሚከለክል ሕግ አወጣች። የዲዝኒ ሠራተኞች ኩባንያችን ለምን ዝም አለ ብለው ጮኹ። የያኔው ሥራ አስኪያጅ ቦብ ቼፔክ ዘግይቶም ቢሆን ሕጉን ተቃወመ። አገረ ገዥው ሮን ዴሳንቲስ ተቆጣ። ሕጉ በተፈረመ በወሩ ውስጥ ዲስትሪክቱን የሚያፈርስ ሌላ ሕግ ፈረመ። ከዚያ ወዲህ ያልተባለ ነገር የለም።

«የዲዝኒ ልዩ ወረዳ»

እንዲህ ብሎ የሚተረጉም ሰው ሲያጋጥመኝ ያመኛል። ልዩ ወረዳ ሲባል እኛ ጆሮ ውስጥ የሚገባው ሕዝብ፣ ቋንቋ፣ ማንነት ነው። እዚያ ሕዝብ የለም። ቤይ ሌክ እና ሌክ ቡዌና ቪስታ የሚባሉ ሁለት «ከተሞች» አሉ፤ የሁለቱ ነዋሪ ቢደመር አንድ እድር አያቆምም። ዋልት ዲዝኒ በሕይወት እያለ 20 ሺህ ሰው የሚኖርበት ከተማ እሠራለሁ ብሎ ነበር። በታኅሣሥ 1966 ሞተ፤ ከተማውም አብሮት ቀረ። በኋላ ኩባንያው ሴለብሬሽን የሚባል እውነተኛ መንደር ሲሠራ፣ ቦታውን ከዲስትሪክቱ ክልል አስወጣው። ሰው ከገባ ድምፅ ይጠይቃላ!

«የራሱ ፖሊስ አለው»

የለውም። ወንጀል ሲፈጠር የሚመጣው የካውንቲው ሸሪፍ ነው።

«ኑክሌር ጣቢያ አለው»

ሕጉ ይፈቅድለት ነበር፣ አልሠራም። በ2023 ፈቃዱም ተነሳ።

«ዴሳንቲስ አፈረሰው»

አላፈረሰም። የ2022ቱ ሕግ ዲስትሪክቱ ሰኔ 1 ቀን 2023 ይፈርሳል ይላል። ቀኑ ሳይደርስ፣ በየካቲት 2023፣ ሌላ ሕግ ወጣ። ዲስትሪክቱ ይቀጥል፣ ስሙ ሴንትራል ፍሎሪዳ ቱሪዝም ኦቨርሳይት ዲስትሪክት ይባል፣ አምስቱን የቦርድ አባላት አገረ ገዥው ይሹም፣ ሴኔቱ ያጽድቅ። ዕዳውም፣ ግብሩም፣ እሳት አደጋውም ባለበት ቆየ። ጎጆው እንዳለ ነው፤ አባወራው ተቀየረ።

«ዲዝኒ ንጉሥ ቻርለስ እስኪሞት የሚቆይ ውል በድብቅ ፈረመ»

ይሄኛውን ሳልወደው አልቀርም። ግን ሁለት ቦታ ስህተት ነው።

መጀመሪያ፣ ድብቅ አልነበረም። የድሮው ቦርድ ከመሰናበቱ በፊት፣ የካቲት 8 ቀን 2023፣ በጋዜጣ ማስታወቂያ ወጥቶለት ለሕዝብ ክፍት በሆነ ስብሰባ ነው ከዲዝኒ ጋር የተዋዋለው። ውሉ የልማቱን ሥልጣን ለረጅም ዘመን ለኩባንያው ይሰጣል። አዲሱ ቦርድ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ኪሱ ባዶ ሆኖ አገኘው። ብልጠት ነው፣ ድብቅ ግን አይደለም። ማስታወቂያ ያላነበበ ማንን ይከሳል?

ሁለተኛ፣ ቀመሩ የቻርለስ ሞት አይደለም። አንቀጹ የሚለው፣ ውሉ ለዘላለም መሆኑ በሕግ ካልጸና፣ በውሉ ቀን በሕይወት ካሉት የንጉሥ ቻርለስ ሦስተኛ ተወላጆች የመጨረሻው ከሞተ በኋላ 21 ዓመት እስኪሞላ ይጽና ነው። ከድሮ የእንግሊዝ የንብረት ሕግ የመጣ የጠበቆች ዘዴ ነው። የመሬት ውል ማለቂያ ይኑረው ሲባሉ፣ ልደቱም ሞቱም የማይደበቅ፣ ዕድሜው የረዘመ ቤተሰብ ይመርጣሉ። የእንግሊዝ ንጉሣውያን ለዚህ የተፈጠሩ ናቸው። የቻርለስ ትንሿ የልጅ ልጅ የተወለደችው በ2021 ነው። 90 ዓመት ብትኖር ውሉ እስከ 2132 ይዘልቃል ማለት ነው። ይሄን የጻፈው ጠበቃ ሲጽፍ ብቻውን ስቆ መሆን አለበት።

«ፍርድ ቤት ዲዝኒን ጥፋተኛ አለው»

ማንም ማንንም ጥፋተኛ አላለም። ሚያዝያ 26 ቀን 2023 አዲሱ ቦርድ ያንን ውል ሻረ። ዲዝኒ በዚያው ዕለት፣ በመናገሬ ተበቀሉኝ ብሎ፣ ፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰ። ቦርዱም በፈንታው በፍሎሪዳ ፍርድ ቤት ከሰሰው። በጥር 2024 መጨረሻ የፌዴራሉ ዳኛ አለን ዊንሰር የዲዝኒን ክስ ዘጋው። ዲዝኒ አገረ ገዥውን ለመክሰስ የሚያበቃ መብት የለውም፤ በጽሑፉ እንከን የሌለበት ሕግ ደግሞ ሕግ አውጪዎቹ በሆዳቸው ምን አስበው ነበር ተብሎ አይሻርም አለ። በቀል ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ሳይመረመር ቀረ። እኔን የሚከነክነኝ እሱ ነው። ዛሬ ዲዝኒ ላይ የወጣ ሕግ ነገ ጠበቃ የሌለው ላይ ሲመጣ ማን ይሟገታል?

ለማንኛውም ዲዝኒ ይግባኝ አለ። በመጋቢት 2024 በፍሎሪዳ ፍርድ ቤት ያሉት ክሶች በዕርቅ አለቁ፤ ዲዝኒ የየካቲቱን ውል ተወ። በሰኔ የ15 ዓመት አዲስ የልማት ስምምነት ጸደቀለት። እሱም በሚቀጥሉት ከ10 እስከ 20 ዓመታት እስከ 17 ቢሊዮን ዶላር አፈሳለሁ አለ። ይግባኙንም አነሳ። አንዱ ወንበሩን ይዞ፣ ሌላው ውሉን ይዞ ወደየቤታቸው ገቡ።

«ግብር አይከፍልም»

እዚህ ላይ ውሃ አምጡልኝ።

አንድ ጋሼ የምላቸው ደንበኛ አሉኝ። ኪሲሚ አጠገብ፣ ኦሲዮላ ካውንቲ ውስጥ፣ አዲስ ሰፈር ቤት ገዝተዋል። ዴሳንቲስ ሁለተኛውን ሕግ የፈረመው የካቲት 27 ቀን 2023 ነበር፣ ሰኞ። ጋሼ ማክሰኞ ማታ ከሥራ ሲወጡ መጡ። ፊታቸው በርቷል።

«አንቺ ልጅ፣ ዲዝኒን ነጠቁት አሉ! እንግዲህ የቤቴ ታክስ ስንት ይቀንስልኛል?»

«ምንም አይቀንስም ጋሼ።»

ዲዝኒ እንደማንኛውም ባለንብረት ለካውንቲውና ለትምህርት ቤቱ የንብረት ግብር ይከፍላል። ኦሬንጅ ካውንቲ ውስጥ ከሱ በላይ የሚከፍል የለም። ከዚያ ላይ ደግሞ ለዲስትሪክቱ ይከፍላል። ካውንቲ ከ10 ሚል በላይ መጣል አይችልም። ሚል ማለት ንብረቱ ከተገመተበት ከእያንዳንዱ ሺህ ዶላር ላይ አንድ ዶላር ነው። ሪዲ ክሪክ እስከ 30 ሚል መጣል ይችል ነበር። በማን ላይ? በዲዝኒ ላይ። የኦሬንጅ ካውንቲ ግብር ሰብሳቢ ስኮት ራንዶልፍ በ2022 ሲጮህ የነበረው ለዚህ ነው። ዲስትሪክቱ በዓመት የሚሰበስበው ወደ 163 ሚሊዮን ዶላር አብሮ ይጠፋል፤ መንገዱና እሳት አደጋው ግን ካውንቲው ጫንቃ ላይ ይወድቃል። አንድ ቢሊዮን ዶላር ገደማ የቦንድ ዕዳም አለ። ዲስትሪክቱ ፈርሶ ቢሆን ኖሮ ሂሳቡ የሚዞረው በሰፈሩ ባለ ቤት ላይ ነበር።

ታዲያ ዲዝኒ ምን ተጠቀመ? ብዙ ተጠቅሟል፤ ቅዱስ ነው አላልኩም። ዲስትሪክቱ መንግሥታዊ አካል ስለሆነ ወለዱ ከግብር ነፃ የሆነ ቦንድ ሸጦ በርካሽ ይበደራል። ከዚያ የሚበልጠው ደግሞ ፈቃዱ ነው። ሆቴል ልሥራ ስትል ፈቃድ የሚሰጥህ ቦርድ አንተው የመረጥከው ሲሆን አስበው። ማዘጋጃ ቤት «ነገ ና» ተብሎ የተመላለሰ ሰው ይሄ ስንት እንደሚያወጣ ያውቀዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ የተጣሉትም በዚሁ ወንበር ነው።

ጋሼ አልተዋጠላቸውም። «እኛስ እንዲህ ዓይነት ዕድል መቼ አገኘን?» አሉ።

«እስቲ የእርስዎን ቢል እንየው» አልኳቸው።

አይተውት አያውቁም። ባንኩ ከወር ክፍያቸው እየቆረጠ (ኤስክሮው ይሉታል) ይከፍልላቸዋል፣ ፖስታው ሳይከፈት መሳቢያ ይገባል። ከካውንቲው ድረ ገጽ አውጥቼ ስክሪኑን አዞርኩላቸው። ካውንቲ። ትምህርት ቤት። የውሃ አስተዳደር። ከሥር፣ ለብቻው፣ «ሲዲዲ» የሚል መስመር አለ። ከ2 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁና ጠጋ አሉ።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

«ይሄማ የእርስዎ ሪዲ ክሪክ ነው።»

አልቀለድኩም። ሲዲዲ ማለት ኮሚዩኒቲ ዴቨሎፕመንት ዲስትሪክት ነው፤ በ1980 የወጣ ሕግ አለው። ቤት ሠርቶ የሚሸጠው ኩባንያ ባዶ መሬት ይዞ ዲስትሪክት ያስቋቁማል። ዲስትሪክቱ ቦንድ ይሸጥና መንገድና ፍሳሽ ይዘረጋል። ዕዳውን ቤት ገዢው በየዓመቱ ይከፍላል። ቦርዱ መጀመሪያ የሚመረጠው በመሬት ስፋት ነው፤ አንድ ኤከር፣ አንድ ድምፅ። ኤከሩ የማን ነው? የሻጩ። ቢያንስ ስድስት ዓመት አልፎ 250 መራጭ ነዋሪ ሲገባ ነው ወንበሩ ወደ ነዋሪው መዞር የሚጀምረው። ፍሎሪዳ ውስጥ ልዩ ልዩ ዓይነት ዲስትሪክት ከ1,800 በላይ አለ። «ለዲዝኒ ብቻ የተሰጠ» የምትሉትም እዚህ ላይ አበቃ። የ2022ቱ ሕግ ያነጣጠረው ከኅዳር 1968ቱ ሕገ መንግሥት በፊት በተቋቋሙት ስድስት ዲስትሪክቶች ላይ ብቻ ነው።

አሁን እዚህ ከደረሳችሁ ዲዝኒን ተዉትና የራሳችሁን ቤት እዩ። አዲስ ሰፈር የምትገዙ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ሲዲዲ አለው ወይ፣ በዓመት ስንት ነው፣ የቦንዱ ዕዳ ስንት ቀርቷል ብላችሁ ጠይቁ። ደላላው በቃሉ ሲነግራችሁ አትመኑት፣ ወረቀት ይስጣችሁ። ነሐሴ ላይ የሚመጣውን የግብር ማሳወቂያ ክፈቱት፤ ግምቱ በዛ ካላችሁ መከራከሪያው ጊዜ 25 ቀን ብቻ ነው። ራሳችሁ የምትከፍሉ ከሆነ በኅዳር ክፈሉ፣ አራት በመቶ ይቀነስላችኋል። በታኅሣሥ ሦስት፣ በጥር ሁለት፣ በየካቲት አንድ፣ ከዚያ ባዶ።

ከሁሉም በላይ ሆምስቴድ የሚባለውን የግብር ቅናሽ ማመልከቻ ሙሉ። የምትኖሩበት ቤት ከሆነ ከግምቱ ላይ እስከ 50 ሺህ ዶላር ገደማ ይነሳላችኋል። ግብር የሚሰላበት ዋጋም በዓመት ከሦስት በመቶ በላይ አያድግባችሁም። ማመልከቻው የሚያልቀው መጋቢት 1 ነው።

ይሄን ለጋሼ እየነገርኩ ስክሪኑን ወደ ላይ ሳብኩት። የሆምስቴድ ቦታው ባዶ ነው።

«ጋሼ፣ ቤቱን ከገዙ ስንት ጊዜዎ ነው?»

«ሦስት ዓመት።»

«አልሞሉም እኮ።»

«ደላላው ይሞላልኛል ብዬ…»

ሰዓቱን አየሁ። የካቲት 28፣ ማታ ሁለት ሰዓት ከሩብ። ነገ መጋቢት 1 ነው። መንጃ ፈቃዳቸውን ተቀብዬ ማመልከቻውን በኢንተርኔት ከፈትኩት። የኢሜል ፓስወርዳቸው ጠፍቶ ልጃቸው ጋ አትላንታ ደወልን። ሦስት ሰዓት ላይ ማረጋገጫው መጣ። ጋሼ ኮታቸውን ለበሱ፣ በሩ ላይ ደርሰው ዞሩ።

«ቆይ ግን» አሉ፣ «ዲዝኒ ይሄን ሆምስቴድ የሚባለውን ሞልቷል?»